እጣቢው የማን ነው?

በቋንቋችን እጣቢ የሚባል ትንሽ ቃል አለ። ዕቃ ወይም እህል ታጥቦበት የተረፈ ውሃ ማለት ነው። እጣቢ የሚደፋ እንጂ የሚጠየቅለት ነገር አይደለም። የቤት እመቤት በሯን ከፍታ ወደ ጓሮዋ ትደፋዋለች፤ አፈሩ ይመጠዋል፤ ጎመኑ ይጠጣዋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ጓሮው የራሷ በመሆኑ፣ እጣቢውም ጥቂት በመሆኑ ሕሊናን የሚያሳስብ አንዳች ነገር የለበትም። ጥያቄው የሚነሣው እጣቢው ከጓሮው ሲበዛና የሚደፋበትም ደጅ የሌላ ሰው ደጅ ሲሆን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የወደድነው ጉዳይ ይኸው ሲሆን፣ ምሳሌ የምናደርገውም አገራችን በዓለም ፊት የምትኮራበትን፣ ከጌዴኦ ምድር የሚወጣውን የታጠበ ቡና ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት ቢቀጥል ወናጎን አልፎ ወደ ይርጋ ጨፌ አገር ይገባል። ዱመርሶ የምትገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ከላይ ረጃጅም ዛፎች ጥላቸውን ይዘረጋሉ፤ ከሥራቸው ቡናና እንሰት ተሰባጥረው ይበቅላሉ፤ ጎጆው በመካከል ነው። ገበሬው እርሻዬን ከጫካው ልለይ ሳይል ከጫካው ጋር የሚኖርበት ይህ አያያዝ፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ነው። የዱመርሶ ስም ግን ከዚያ አስቀድሞ ባሕር ተሻግሯል፤ በሩቅ አገር ቡና ቆልተው በሚሸጡ ነጋዴዎች ከረጢት ላይ ታትሞ ይነበባል። የይርጋ ጨፌ የታጠበ ቡና የሚመሰገነውም በዋናነት በጣዕሙ ጥራት ነው፤ ቅምሻ አዋቂዎች ጽዋው ንጹሕ ነው ይላሉ፤ አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል ይላሉ።

ይህ ንጽሕና በውሃ የተገዛ ነው። በመኸር ወራት ገበሬው የለቀመው ቀይ እሸት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይመጣል። መፈልፈያው ማሽን ቀዩን ገለፈት ይገፍፈዋል፤ ፍሬው ግን በሚያዳልጥ ጣፋጭ ዝልግልግ እንደ ተሸፈነ ይቀራል። ስለዚህ በገንዳ ውስጥ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይብላላል፤ ዝልግልጉ ከላላ በኋላ በረጅም የሲሚንቶ ቦይ ውሃ እየፈሰሰበትና በእንጨት እየተገፋ ይታጠባል፤ ከዚያም በአልጋ ላይ ይሰጣል። በቆየው ማሽንና አሠራር ይህ ሁሉ ለአንድ ኪሎ ግራም ጥሬ ቡና እስከ 40 ሊትር ውሃ ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ ሒሳቡን እናድርገው፤ ለአንድ የ60 ኪሎ ግራም ጆንያ 2,400 ሊትር፣ 320 ጆንያ ለሚይዝ አንድ ኮንቴይነር ደግሞ ከ760 ሺህ ሊትር በላይ ማለት ነው። ወደ ትንሹ መስፈሪያ ብንመለስ፣ 12 ግራም ያህል ጥሬ ቡና የሚጠይቅ አንድ ስኒ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ እጣቢ ከኋላው ትቶ መጥቷል። ጠጪው የሚያየው ስኒውን ብቻ ነው።

እጣቢው መርዝ አይደለም። ይህን አስቀድመን መናገር ይገባናል፤ ነገርን ከልኩ በላይ ማስፈራራትም እውነትን መበደል ነውና። በውሃው ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ስኳርና ከፍሬው ሥጋ የወጣ ሙጫ ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከብዛቱ ነው። ረቂቃን ተሕዋስያን በስኳሩ ላይ ሲረባረቡ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውና በድንጋይ ሥር የሚኖሩት ትናንሽ ነፍሳት ትንፋሽ ያጣሉ። ስኳሩ ወደ አሲድ ይለወጥና ውሃው ይኮመጥጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥቁረትና ክርፋት ነው። ይህም የሚሆነው ክረምቱ አልፎ ወንዙ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ በሚሄድበት ወቅት ነው፤ እጣቢው በበዛበት ጊዜ የሚያቀጥነው ውሃ ያንሳል። በጅማ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶች ከማጠቢያ ጣቢያዎች በታች ያለው የወንዝ ውሃ ከላይኛው እጅግ የተለየ ሆኖ ተገኝቷል፤ በዚያ የሚኖሩ ሰዎችም የቆዳና የዓይን መቆጣት፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ ችግር እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ጌዴኦ ከፍታው ላይ ተቀምጦ ወንዞቹን ወደ ስምጥ ሸለቆው፣ ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ይለቃል። በዚያ መንገድ ላይ ጄሪካን ይዛ የምትወርድ ሴት አለች፤ ከብት የሚያጠጣ እረኛ አለ።

ስለ ጅብና ስለ አህያ የሚነገረውን ተረት የማያውቅ የለም። ሁለቱ ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች ነበሩ። ጅቡም «ውሃዬን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» ሲል ተቆጣ፤ እርስዋም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። ተረቱን የምንጠቅሰው ሰበብ ፈላጊን ለመንቀፍ ነው። ዳሩ ግን ልብ ብለን ብናየው የሚያስተክዝ ሌላ ነገርም አለበት። ከላይ የቆመው ከሳሽ፣ ከታች የቆመችው ተከሳሽ ናት። ዛሬም ውሃ ሲበላሽ ምክሩ የሚወርደው ወደ ታች ነው፤ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ጕድጓድ ቆፍሩ፣ ከብቶቻችሁን ወደ ሌላ ምንጭ ውሰዱ ይባላል። ምክሩ ለጤና ይበጃል፤ ግን የተነገረው ዕዳ ለሌለበት ሰው ነው።

ከላይ መሆን በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ተራራው እንዲሁ ነውና። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ የሰቡትን በጎች ሲወቅስ፣ ጥሩውን ውሃ ስለ ጠጡ ብቻ አይደለም፤ ጠጥተው ሲያበቁ የቀረውን በእግራቸው አደፍርሰው ለሌሎቹ መተዋቸውን ነው። ወቀሳው የሚያርፈው መጠጣትን ከማደፍረስ በሚለየው በዚያች ጥቂት ነገር ላይ ነው። ከዚህ አንጻር ቡና ማጠብ እንደ መጠጣት ነው፤ ነውር የለበትም። ብዙ ሺህ ቤተሰብ ልጁን የሚያስተምረውና ቤቱን በቆርቆሮ የሚከድነው በዚሁ ነው። የታጠበው ቡና ከደረቁ የተሻለ ዋጋ ካወጣም ገበሬው ለምን ያጥባል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለድኻ የሚያስብ አይመስለንም።

«ወንዝ ራሱን ያጠራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ወንዝ በድንጋይ ላይ ሲወርድ አየር ይቀበላል፤ በመንገዱም ብዙ ነገር ያጠራል። ሆኖም ይህ ችሎታው ልክ አለው፤ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጣቢያዎች ሲደራረቡ አንዱ የጀመረውን ማጥራት ሌላው ያፈርሰዋል። እንዲህም ሲሆን እያንዳንዱ ጣቢያ «የእኔ ድርሻ ጥቂት ነው» ማለት ይችላል፤ ሁሉም እውነቱን ይናገራል፤ ወንዙ ግን ይሞታል።

እንግዲህ ወደ ሣሩ እንምጣ። በረግረግ ውስጥ የሚበቅሉ ዕፅዋት ቆሻሻ ውሃን እንደሚያጠሩ ሰው ከጥንት ያውቀው ይሆናል፤ ነገሩን በቤተ ሙከራ አስመስክራ ለመሐንዲሶች ያቀረበችው ግን ኬተ ዛይደል የተባለች ጀርመናዊት ሳይንቲስት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በማክስ ፕላንክ ተቋም ስትሠራ፣ ከሐይቅ ዳር የሚበቅል የቄጠማ ዓይነት በቆሻሻ ውሃ ውስጥ ተክላ ምን እንደሚያደርግ መረመረች። የሲሚንቶና የብረት ሥራ የለመዱት ባለ ሙያዎች ቶሎ አልተቀበሏትም። በአሁኑ ጊዜ ግን ሰው ሠራሽ ረግረግ በብዙ አገሮች የታወቀ ሥራ ሆኗል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃ በማያሳልፍ ጕድጓድ ውስጥ ጠጠርና አሸዋ ይደለደላል፤ በላዩ ደንገል፣ ፊላ፣ ሸምበቆ ወይም ሌላ ውሃ ወዳድ ተክል ይተከላል፤ እጣቢው በዝግታ በመካከላቸው ያልፋል። ብዙ ሰው ተክሉ ቆሻሻውን የሚበላው ይመስለዋል። ተክሉ የሚወስደው አለ፤ በተለይ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ለራሱ ምግብ ያደርጋል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን በሥሩና በጠጠሩ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ፣ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ናቸው። የረግረግ ተክል ግንዱ ውስጡ ክፍት ነው፤ አየርን ከቅጠሉ ተቀብሎ እስከ ሥሩ ያወርዳል፤ በዚያ ትንፋሽ በሌለበት ጭቃ ውስጥ ለተሕዋስያኑ ኦክሲጅን ያካፍላቸዋል። በሌላ አነጋገር ተክሉ ቤት ይሰጣል፤ ያዘገያል፤ ያስተነፍሳል። በወንዙ ውስጥ በድንገት ሲሆን ዓሣ የሚገድለው ያው መብላላት፣ በረግረጉ ውስጥ በዝግታ ሲሆን ውሃውን ያጠራዋል።

በአገራችን ለቡና እጣቢ የተመረጠው በተለይ ቬቲቨር የሚባለው ሣር ነው። ትውልዱ ከሕንድ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጅማ የእርሻ ምርምር በኩል ገባ። መጀመሪያ የታሰበው የቡና ማሳን አፈር ከጎርፍ እንዲጠብቅ ነበር። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይወርዳል፤ ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ይጠልቃል። በተለምዶ የሚተከለው ዓይነት ዘር አይበትንም፤ በግንጥል ካልተከሉት በቀር ወደ ጎረቤት ማሳ አይሻገርም። በባሕርዩ የረግረግ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ድርቁንም ውሃውንም የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በምዕራብ ኢትዮጵያ ከገበሬዎች ማኅበራት ጋር ሲሠራ ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያዎችን ያስገባ ሲሆን፣ ለእጣቢውም የቬቲቨር ረግረግ እንዲተከል አድርጓል። ውሃ ቆጣቢው ማሽን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን የሚቀንሰው ውሃውን እንጂ ስኳሩን አይደለም፤ ጥቂቱ እጣቢ ከብዙው የበረታ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቅንነት ያስፈልጋል። ሣሩን ተክሎ እጣቢውን እንዲያው ቢለቁበት ሣሩ ራሱ ይሞታል፤ የቡና እጣቢ ለተክል ሥር ከልክ በላይ ኮምጣጣና ከባድ ነውና። አስቀድሞ ገለፈቱ ተለይቶ ወደ ማዳበሪያ መሄድ፣ ደለሉ በኩሬ ውስጥ መዝቀጥ፣ ኮምጣጤው በኖራ መብረድ አለበት፤ ረግረጉ የሚቀበለው ከዚህ በኋላ የቀረውን ነው። ደለሉ በየጊዜው ይዛቃል፤ ሣሩ በየጊዜው ይታጨዳል። ሳይታጨድ ቆይቶ በዚያው ቢበሰብስ የወሰደውን መልሶ ለውሃው ይሰጣል። ከኋላው የሚሠራ ሰው የሌለበት ረግረግ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ተራ የቆሻሻ ኩሬ ይሆናል።

ታዲያ ይህ ሣር በሥነ ምግባር ዓይን ምንድን ነው? አንዳንዶች እንደ ይቅርታ ያዩታል፤ እኛ እናቆሽሽ፣ ተፈጥሮ ትጠርግልናለች የሚል ምቾት ያገኙበታል። እኛ ግን ከዚህ የተለየ አስተያየት አለን። ማጠብ ማለት እስካሁን በምናውቀው መንገድ ቆሻሻን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማዛወር ነው፤ ፍሬው ይነጻል፤ ወንዙ ያድፋል፤ የቆሻሻው መጠን ያው ነው። ረግረጉ የሚለየው ቆሻሻው እንዳይዛወር በማድረጉ ነው። እጣቢውን በአጣቢው ግቢ ውስጥ አስቀምጦ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ውሃ እስኪሆን ድረስ ያቆየዋል። አጣቢውም በየቀኑ ያየዋል፤ ያሸተዋል፤ ሣሩ ሲቢጫበት ልኩን እንዳለፈ ያውቃል። ወንዙ ቢሆን ይዞት ይሄድ ነበር፤ የሚያየውና የሚያሸተውም ሌላ ሰው ነበር። እንግዲህ ሣሩ በደልን የሚያነሣ ሳይሆን ዕዳውን ወደ ባለዕዳው ቤት የሚመልስ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ ልዩነት ከባድ መሆኑን የሚያሳየን በተፈጥሮ የተገኘው ረግረግ ጉዳይ ነው። «ረግረግ የሚያጠራ ከሆነ ለምን አዲስ እንሠራለን? ያለውን ጨፌ እንጠቀምበት» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ይርጋ ጨፌ ጨፌን በስሟ የያዘች ከተማ ናት። ጨፌ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ርጥበት የማያጣው፣ ሣር የሚታጨድበት፣ ከብት በበጋ የሚሰማራበት፣ ከዳሩ ምንጭ የሚፈልቅበት የብዙዎች ስፍራ ነው። እጣቢን ወደዚያ መልቀቅ ወደ ወንዝ ከመልቀቅ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው፤ ያው የሌላ ሰው ደጅ ነውና። የካምፓላ ከተማ ፍሳሽ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመድረሱ በፊት ናኪቩቦ በሚባለው የደንገል ረግረግ ውስጥ እያለፈ ለብዙ ዓመታት ሲጠራ ኖሯል፤ ለከተማይቱ የሚቀዳው የመጠጥ ውሃም ከዚያው የሐይቁ ወሽመጥ ነው። ባለውለታው ረግረግ ግን ደሞዝተኛ አልነበረም፤ ጠባቂም አላገኘም። ጎደሬ የሚተክሉና ቤት የሚሠሩ ሰዎች ከዳር ከዳር ሲገቡበት ደንገሉ ሳሳ፤ የማጥራት ኃይሉም ከደንገሉ ጋር ሳሳ። የጣና ሐይቅም ሌላ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እምቦጭ፣ በሌላ አገር በተከለለ ኩሬ ውስጥ ቆሻሻ ውሃ እንዲያጠራ ሆን ተብሎ የሚተከል ተክል ነው። ከእርሻና ከከተማ የሚወርደውን የማዳበሪያና የፍሳሽ ምግብ እየበላ ይፋፋል፤ ማለት የተፈጠረበትን ሥራ እየሠራ ነው። ባለቤት ያለው ኩሬ ውስጥ አገልጋይ፣ ባለቤት በጠፋበት ውሃ ላይ ግን ዓሣ አጥማጁን ከጀልባው የሚያስወርድ መቅሠፍት ሆነ።

የቀረው ጥያቄ የመሬት ነው፤ በጌዴኦም ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሕዝቡ ከአገሪቱ የገጠር አካባቢዎች ሁሉ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው፤ አንድ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ማሳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። ሰው ሠራሽ ረግረግ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ለውሃው ጊዜ መስጠት ማለት ቦታ መስጠት ነውና። ሲሚንቶና ኤሌክትሪክ የሚበሉ ማጣሪያዎች በጥቂት ቦታ የሚሠሩትን፣ ሣሩ በርካሽና በሰፊ ቦታ ይሠራዋል። በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ እንሰት ቢተከል ቤተሰብ ይመገብበት ነበር። ስለዚህ «ሣር ትከሉ» የሚል ምክር ከከተማ ሲመጣ፣ ሰሚው ገበሬ በልቡ የሚሰማው «መሬት ስጡ» የሚል ነው፤ ቅሬታውም እውነተኛ ቅሬታ ነው።

በዚህ ቦታ ዕዳው የማን እንደሆነ መለየት ግድ ይላል። ገበሬው ያቀረበው ቀይ እሸት ነው፤ እጣቢው የመጣው ፍሬውን አጥቦ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ ነው። ከዚያ ዋጋ ጣቢያው ይካፈላል፤ ላኪው ይካፈላል፤ በውጭ አገር ቆልቶ የሚሸጠው ይካፈላል፤ ጠጪውም ንጹሕ ጽዋ ያገኛል። ማኅበሩ የገበሬዎች በሆነበት ጣቢያ ገበሬው ራሱ አጣቢ ነውና ድርሻ አለበት፤ ነገር ግን መላውን ሸክም በእርሱ ማሳ ላይ መጫን፣ ከጅቡና ከአህያዋ ነገር በምን ይለያል? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ሰብዓዊ መብት ነው ሲል ወስኗል፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ አጽንተዋል። መብት ካለ ባለግዴታ አለ፤ ግዴታውም የሚሰፈረው በተገኘው ጥቅም ልክ ነው እንላለን። ጣቢያው ቦታ ይለቃል፤ ቦታው ከገበሬ የሚወሰድ ከሆነም ኪራዩ ወይም ካሳው በቡናው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ገዢው ድረስ ይሄዳል። በከረጢቱ ላይ የዱመርሶን ስም አትሞ የሚነግድ ነጋዴ፣ ስሙን የወሰደባትን ምድር ውሃ ጉዳይ ስለ እኔ አይደለም ሊል አይችልም። ስምምነቱን በመንደር ደረጃ ለመነጋገር ደግሞ ጌዴኦ መድረክ አላጣም፤ በሶንጎ ሥር ሽማግሌዎች የመሬትንና የጎረቤትን ነገር ሲፈቱ የኖሩ ናቸው። በላይኛውና በታችኛው መንደር መካከል ያለ ውሃ ለዚያ መድረክ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ዘወትር የሚረሳ አንድ ነገር እንጨምር። እጣቢ የሚወርደው በዓመት ውስጥ በጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ሣሩ ግን አሥራ ሁለቱንም ወር መኖር አለበት። ማሽኑ ከቆመበት ጊዜ አንሥቶ የበልጉ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ችግኙን የሚያጠጣ፣ ከዚያም ደለሉን የሚዝቅ፣ ሣሩን አጭዶ ለጉዝጓዝ የሚያወጣ፣ ለሚመጣው ጥቅምት ኖራውን የሚያዘጋጅ ቢያንስ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የሣሩ ግንጥል ዋጋ እምብዛም አይደለም፤ ኖራውም በአገር ውስጥ ይገኛል። ውድ የሚሆነው የዚህ ሰው የዓመት ደመወዝ ነው፤ ጣቢያዎችም በጀታቸውን የሚያዘጋጁት ለመኸሩ ወራት ስለሆነ ከመፈልፈያው ነዳጅና ከለቃሚዎቹ ክፍያ ቀጥሎ ለእርሱ የሚሆን መስመር መዝገባቸው ላይ መግባት ይኖርበታል።